ማብሪያ ወይስ ተገላባጭ? በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠሩ ሞለኪውሎች አሰያየም

እ.ኤ.አ. በ2016 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሞለኪውላዊ ማሽኖችን በመንደፍና በመሥራት ለታወቁት ለዣን-ፒየር ሶቫዥ፣ ለፍሬዘር ስቶዳርትና ለቤን ፌሪንጋ ተሰጠ። ስለዚህ የምርምር መስክ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚቸገረው ግን «ማሽን» በሚለው ቃል አይደለም፤ ማሽን አማርኛ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። የሚያስቸግረው እንግሊዝኛው «ስዊች» የሚለው ነው። በብርሃን፣ በተለይም በፀሐይ ብርሃን ኃይል ቅርጻቸውን የሚለውጡ፣ ከዚያም ወደ ቀድሞው ቅርጻቸው የሚመለሱ ሞለኪውሎች በዚህ ስም ይጠራሉ። አማርኛው ምን ይበላቸው? ለእጅ የሚቀርበው መልስ «ማብሪያ»፣ በሙሉ ስሙም «ማብሪያ ማጥፊያ» ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ መልስ ለምን እንደማይበቃ፣ እንዲያውም ለምን አንባቢን እንደሚያሳስት ለማስረዳት እንሞክራለን፤ በምትኩም «ተገላባጭ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን።

ስም ከማውጣት በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባልና አስቀድመን አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። ምሳሌያችን አዞቤንዝን የሚባለው ውሕድ ነው። ይህን ውሕድ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አይልሃርድ ሚትሸርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1834 ሠራው። አወቃቀሩ ቀላል ነው፤ በመካከሉ በድርብ ትስስር የተያያዙ ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ናይትሮጅን ጋር ደግሞ ስድስት ካርቦን ያለው አንድ የቤንዝን ቀለበት ተያይዟል። (እግረ መንገዳችንን፦ «ቤንዝን» ብለን በሳድስ የጻፍነው ሆን ብለን ነው። «ቤንዚን» ካልን አንባቢው የሚያስበው መኪና የሚቀዳውን ነዳጅ ነው። ናይትሮጅንን ከሚያመለክተው ከፈረንሳይኛው «አዞት» የመጣው «አዞ» በዚህ ላይ ሲታከልበት ደግሞ የነዳጁ ባለቤት የወንዝ አውሬ ይሆናል። በዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ስም አወጣጥ ሥርዓት ውስጥ የጸና ቃል ስለሆነ «አዞ»ን ልንለውጠው አንችልም፤ «ዚ»ን ወደ «ዝ» መለወጥ ግን በእጃችን ነው።)

ድርብ ትስስር እንደ ነጠላው በቀላሉ አይዞርም። ስለዚህ ሁለቱ ቀለበቶች ከትስስሩ ግራና ቀኝ ማዶ ለማዶ ሆነው፣ ወይም ሁለቱም በአንድ ወገን ተጠግተው ይኖራሉ። በመጀመሪያው ቅርጽ ሞለኪውሉ ዝርግና ረዥም ነው፤ በሁለተኛው እንደ ታጠፈ ክንድ ይሆናል። የታጠፈው ቅርጽ መኖሩን ጂ. ኤስ. ሃርትሊ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1937፣ ማለትም ውሕዱ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ብርሃን ያረፈበትን የአዞቤንዝን ሙሙት ሲመረምር ነው። ዝርጉ ቅርጽ የሞገድ ርዝመቱ ከ320 እስከ 365 ናኖሜትር የሚደርስ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲቀበል ይታጠፋል፤ የሁለቱ ቀለበቶች ጫፍ ለጫፍ ርቀትም ከ0.9 ናኖሜትር ወደ 0.55 ናኖሜትር ያጥራል። የታጠፈው በበኩሉ 440 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ይዘረጋል። ብርሃን ባያገኝም በጨለማ ውስጥ በአካባቢው ሙቀት ብቻ ቀስ እያለ ወደ ዝርግነቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። የሚበራ መብራት የለም፤ የሚቋረጥ ወይም የሚቀጥል የኤሌክትሪክ ጅረትም የለም። ብርሃን እዚህ ላይ የድርጊቱ ውጤት ሳይሆን ምክንያቱ ነው።

አሁን ወደ «ማብሪያ» እንመለስ። «ማብሪያ» «አበራ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ «አበራ» ደግሞ የ«በራ» አስደራጊ ሲሆን የሁለቱም መሠረት የግእዙ «በርሀ» ነው። «ብርሃን»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለሆነም «በብርሃን የሚሠራ ማብሪያ» ስንል አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በምክንያትነት አንድ ጊዜ በውጤትነት፣ በአንድ ሐረግ ውስጥ እናስገባለን። አንባቢው ይህን ሲያነብ ቢያስብ የሚያስበው ሲመሽ በራሱ የሚበራውን የመንገድ መብራት ነው። «ሞለኪውላዊ» የሚለው ቅጽልም አያድነውም፤ መብራቱን በጣም ትንሽ አድርጎ እንዲያስበው ብቻ ይረዳዋል።

ችግሩ ከሥርወ ቃል አልፎ ወደ ሐሳቡ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአዞቤንዝንን ሞለኪውል በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ካለ የፖታሲየም መተላለፊያ ቦይ ጋር አያያዙት፤ በጫፉም ለቦዩ አፍ ውታፍ የሚሆን ክፍል ቀጠሉበት። ሞለኪውሉ ዝርግ ሲሆን ርዝመቱ ከቦዩ አፍ ይደርስና ውታፉ ይደፍነዋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ታጥፎ ያጥራል፤ ውታፉም ከአፉ ይነሣል፤ ቦዩ ይከፈታል፤ ፖታሲየም ይፈስሳል። ፖታሲየም ሲፈስስ ደግሞ ነርቩ ዝም ይላል። በሚታይ ብርሃን ሞለኪውሉ ሲዘረጋ ቦዩ ይደፈናል፤ ነርቩም እንደገና መልእክት ማስተላለፍ ይጀምራል።

ይህን «ማብሪያ» በሚለው ቃል እንተርጉመው ብንል «በራ» የምንለው የቱን ነው? ሞለኪውሉ ሲታጠፍ ቦዩ «ይበራል»፤ ነርቩ ግን «ይጠፋል»። ሲዘረጋ የተገላቢጦሽ ነው። «ተመራማሪዎቹ ሞለኪውላዊ ማብሪያውን በብርሃን አጠፉት» የሚል ዓረፍተ ነገር የጻፈ ተርጓሚ ስለ ሞለኪውሉ፣ ስለ ቦዩ ወይስ ስለ ነርቩ እንደተናገረ አይታወቅም፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ደግሞ የተናገረው ሐሰት ነው። ስለ ሕክምና በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት የአጻጻፍ ጉድለት ተብሎ ብቻ አይታለፍም።

እንግሊዝኛው ይህ ችግር የማይደርስበት ቃሉ ከመብራት ስላልተነሣ ነው። «ስዊች» ጥንት ፈረስ የሚመታበት ቀጭን ተጣጣፊ ዘንግ ነበረ፤ ከዚያ ባቡርን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ ለሚያሻግረው ተንቀሳቃሽ ሐዲድ ስም ሆነ፤ ወደ ኤሌክትሪክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው ሥዕል የመንቀሳቀስና ከአንዱ ወደ ሌላው የመዛወር ሥዕል ነው። የእኛ ቃል የተወለደው ግን ኤሌክትሪክ ከገባ በኋላ በግድግዳ ላይ ባለው ዕቃ ነው፤ የተሰየመውም በእንቅስቃሴው ሳይሆን በመብራቱ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው። ለግድግዳው ዕቃ እጅግ የተዋጣ ስም ነው፤ ከግድግዳው ሲነቀል ግን አይጸናም።

ታዲያ ምን ምርጫ አለን? «ስዊች»ን እንዳለ መውሰድ አንዱ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቃሉ ስለሚገለገል እንግዳ አይሆንም፤ ነገር ግን እሱም ዘንድ ትርጉሙ ያው የግድግዳው ዕቃ ስለሆነ ማብሪያን በሌላ ልብስ መመለስ ይሆናል። «ቁልፍ» የሚሉም አይጠፉም። ይህ ደግሞ በሕይወታዊ ኬሚስትሪ ሌላ ቦታ ተይዟል፤ ኤንዛይምና የሚያያዘው ውሕድ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ይገጣጠማሉ የሚለው ምሳሌ ስላለ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ሊገናኝ ነው።

በአማርኛ የለውጥን ሐሳብ የሚይዙት ግሦች ብዙ ናቸው፤ ዳሩ ግን ከእነርሱ የወጡት ስሞች አብዛኞቹ ተቀጥረው ሥራ ላይ ናቸው። «መለዋወጫ» ብንል ጋራዥ ውስጥ እንገባለን። «ተለዋዋጭ» በሒሳብ ትምህርት ዋጋው የማይታወቅ ወይም የማይጸና መጠን ስም ነው። «ተቀያሪ» በተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ኳስ ተጫዋች ነው፤ «ተመላላሽ» በሆስፒታል አልጋ ሳይዝ የሚታከም ሕመምተኛ ነው፤ «ማዞሪያ» መኪና የሚዞርበት አደባባይ ነው፤ «ገልባጭ» አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፍ ከባድ መኪና ነው። አንድ ቃል በሁለት ሙያዎች ሁለት ነገር ቢያመለክት ኃጢአት የለበትም፤ በሁሉም ቋንቋዎች ያለ ነው። ሆኖም ከቃሉ ጋር የሚመጣው የመጀመሪያ ሥዕል ከአዲሱ ነገር ጋር ሲጣላ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ከዚህ ላይ ሰዋስው ይርዳን። «ገለበጠ» አድራጊ፣ «ተገለበጠ» ተደራጊ፣ «ተገላበጠ» ተደራራጊ፣ «አገላበጠ» አደራራጊ ነው። «መኪናው ተገለበጠ» ስንል ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኖ አብቅቷል፤ መኪናውን የሚያነሣው ሌላ ኃይል ነው። «ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጠ» ስንል ግን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ መሆኑን ሳይነገረን እናውቃለን። ልዩነቱን የተሸከመው በ«ለ» እና በ«ላ» መካከል ያለው አንድ አናባቢ ነው። ከ«ተገላበጠ» የሚወጣው «ተገላባጭ» ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ባንድነት ይነግረናል፤ ለውጡ በራሱ በተሰያሚው አካል ላይ የሚፈጸም መሆኑንና መመለሻ ያለው መሆኑን። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከእነዚህ ሞለኪውሎች የሚጠይቁት ዋናው ነገርም መመለስ መቻል ነው። በብርሃን ቅርጹን ለውጦ በዚያው የሚቀር ሞለኪውል ሞልቷል፤ በፀሐይ የሚነጣ ጨርቅ ቀለም እንዲሁ ነው፤ እርሱን ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም።

ከአደራራጊው የሚወጣው የመሣሪያ ስም «ማገላበጫ» ደግሞ ሁለተኛ ጥቅም ይሰጠናል። እንግሊዝኛው ሳይለይ ባንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ በግሥ ዐምድ እንድንለይ ያስገድደናል፤ ይህ ግዴታ እንደ ሸክም ሊቆጠር አይገባም። አዞቤንዝን በሙሙት ውስጥ ብቻውን ሲታጠፍና ሲዘረጋ «ተገላባጭ» ነው። ከነርቭ ሴል ቦይ ጋር ተያይዞ ቦዩን ሲከፍትና ሲዘጋ ግን ከተገላባጭነቱ በላይ የሌላ አካል «ማገላበጫ» ሆኗል። ከላይ ያስቸገረን ዓረፍተ ነገርም «ተመራማሪዎቹ ማገላበጫውን በአልትራቫዮሌት አጥፈው ቦዩን ከፈቱት» ተብሎ ሲጻፍ ማን ምን እንደሆነ ይታወቃል።

«ተገላባጭ» በቃሉ የማይጸናን ሰውም ይነካልና ነቀፌታ ያለበት ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛ ይህን ከባድ ጉዳይ አድርገን አናየውም። ነቀፌታው ከሰው ላይ እንጂ ከሞለኪውል ላይ አያርፍም፤ የሞለኪውሉ ምስጋና ደግሞ በትክክል ይኸው አለመጽናቱ ነው።

የአንድ ስያሜ ጥንካሬ የሚፈተነው ከተነሣበት ምሳሌ ውጭ ባሉት ላይ ነው። ከሰው ሥራ ወጥተን ወደ ተፈጥሮ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቤልትስቪል ምርምር ጣቢያ ሃሪ ቦርትዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው የሰላጣ ዘርን በየተራ በቀይና ከቀይ ወዲያ ባለው «ሩቅ ቀይ» ብርሃን አበሩበት። የመጨረሻው ብርሃን ቀይ ከሆነ ዘሩ ይበቅላል፤ ሩቅ ቀይ ከሆነ አይበቅልም፤ ተራው ስንት ጊዜ ቢደጋገም የሚቆጠረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው በኋላ ፋይቶክሮም የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቀለማም ሞለኪውል 660 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ቀይ ብርሃን ወደ አንዱ ቅርጽ፣ 730 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሩቅ ቀይ ወደ ሌላው ይዞራል። በግልጽ ፀሐይ ሥር ቀዩ ያይላል፤ በቅጠል ጥላ ሥር ግን ቅጠሎቹ ቀዩን ስለሚውጡት ሩቅ ቀዩ ይበዛል። ዘሩ እንግዲህ ከላዩ ሌላ ተክል መኖሩን የሚያውቀው በዚህ ሞለኪውል ነው። ለዚህ «በብርሃን ተገላባጭ» ከሚለው የበለጠ የሚስማማ ስም ሊገኝ አይችልም፤ ወዲያውም ወዲህም የሚገለብጠው ብርሃን ነውና።

ዓይናችን ግን ጠንቀቅ እንድንል ያደርገናል። ጆርጅ ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተካፈለባቸው ግኝቶች አንዱ በዓይን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ዝርያ፣ ሬቲናል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከታጠፈ ቅርጽ ወደ ዝርግ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ለውጡ 200 ፌምቶሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳል፤ አንድ ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ተመልሶ ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። የማየት ሥራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። የሰው ሬቲናል ግን ወደ ታጠፈው ቅርጹ የሚመለሰው በብርሃን አይደለም፤ ከፕሮቲኑ ተላቅቆ በሌላ ሴል ውስጥ በኤንዛይሞች ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሬቲናልን «በብርሃን ተገላባጭ» ካልን ከሁለቱ ጉዞዎች አንዱን ብቻ ትክክል እንናገራለን። እኛ የምንመርጠው እንዲህ ባለው ቦታ «በብርሃን የሚዘረጋ» ብሎ መሄጃውን ብቻ ለብርሃን መስጠትን ነው። በኬሚስትሪውም ቢሆን መመለሻው በሙቀት የሚፈጸመውንና በብርሃን ብቻ የሚፈጸመውን መለየት የተለመደ ነው፤ «በሙቀት ተመላሽ»፣ «በብርሃን ተመላሽ» ብንላቸው ማንም የሚሰናከልባቸው አይመስለንም።

«ሞተር»ን ከተገላባጭ ጋር ማደባለቅ ሌላው በተርጓሚዎች ፊት ያለ ወጥመድ ነው። ፌሪንጋና የግሮኒንገን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስታወቁት ሞለኪውል በብርሃንና በሙቀት እየተፈራረቀ በአራት ደረጃዎች ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ። ተገላባጭ ግን በሄደበት መንገድ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሲሄድ የሠራውን ሲመለስ ያፈርሳል። የሚፈትል ሰው ይህን ያውቃል። እንዝርት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሾር ጥጡ እየከረረ ፈትል ይሆናል፤ ወደ ኋላ ብናሾረው የከረረው ይላላል። በየተራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሾር እንዝርት ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ፈትል አያወጣም። ሞተር እንደ ፈታዪቱ እንዝርት ነው፤ ተገላባጭ እንደ በር ነው፤ በርም የራሱ ጥቅም አለው። «ሞተር» ለረዥም ጊዜ የአማርኛ ቃል ስለሆነ ሌላ ስም መፈለግ አያሻም፤ ብቻ ለተገላባጭ እንዳይሰጥ እንጠንቀቅ።

በብርሃን «የሚሠራ» የሚለውም ቃል ራሱ መመርመር ይፈልጋል። በግድግዳው ማብሪያ ላይ ጣት የሚያደርገው ጅረቱን መፍቀድ ወይም መከልከል ብቻ ነው፤ መብራቱ የሚበራው በጣቱ ጉልበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ በመጣ ኃይል ነው። በአዞቤንዝን ግን ብርሃኑ ትእዛዝም ስንቅም ነው። የታጠፈው ቅርጽ ከዝርጉ ይልቅ በአንድ ሞል 50 ኪሎጁል ያህል የበለጠ ኃይል ይዞ ይቀመጣል፤ ይህም ኃይል ከብርሃኑ የመጣ ነው፤ ሲዘረጋ በሙቀት መልክ ይለቀዋል። የፀሐይን ኃይል በፈሳሽ ውስጥ አከማችቶ በኋላ በሙቀትነት ለመጠቀም በስዊድን ቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ቦታዎች የሚደረገው ምርምር የተመሠረተው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው፤ እዚያ በብዛት የተሞከረው ኖርቦርናዳይን የሚባል ውሕድ ነው። ስለዚህ «በብርሃን የሚታዘዝ» ማለት ስንቁን ይረሳል፤ «በብርሃን የተሞላ» ማለት ትእዛዙን ይረሳል። «በብርሃን የሚሠራ» ሁለቱንም ስለሚይዝ እንቀበለዋለን።

ፀሐይ ስንል ደግሞ ፋኖስ ማለታችን እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በቤተ ሙከራ አንድ ጊዜ አልትራቫዮሌት፣ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ማብራት ይቻላል፤ ፀሐይ ግን ሁሉንም ባንድነት ትልካለች፤ ከዚያም ውስጥ መሬት የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። አንዱ ጨረር ሲያጥፍ ሌላው ይዘረጋል፤ በመጨረሻም የታጠፉትና የዝርጎቹ ድርሻ የማይለወጥበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህን ሁኔታ «ሚዛን» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ብርሃኑ ሲቋረጥ የሚፈርስ ነውና። «ብርሃን ያረጋው ስብጥር» የሚለውን እናቀርባለን፤ ረዘም ቢልም አይዋሽም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚታይ ብርሃን ብቻ የሚገላበጡ የአዞቤንዝን ዝርያዎች መሠራታቸው ይህን ድርሻ ወደሚፈለገው ወገን ለማዘንበል ረድቷል።

በእንግሊዝኛ በእነዚህ ቃላት መጀመሪያ ላይ የሚገባው «ፎቶ» የሚለው የግሪክ ቃል ወደ አማርኛ እንዳለ እንዳይገባ አጥብቀን እንመክራለን። በአማርኛ ፎቶ ማለት ሥዕለ ገጽ ነው፤ «ፎቶ ስዊች» የካሜራ መጫኛ ይመስላል። «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል መንገዱን ከፍቶልናል። (በግእዝ አገባብ ቢሆን ዘርፉ ከኋላ ይመጣ ነበር፤ ስያሜው ግን የግእዝ ስም በአማርኛ ቅደም ተከተል አስገብቶ ተለምዷል፤ እኛም አንነካውም።) ፈረንጆቹም በዚህ ረገድ ቃል የቀየሩበት ጊዜ አለ። ቪሊ ማርክቫልድ እ.ኤ.አ. በ1899 በብርሃን ቀለም የሚለውጡ ነገሮችን ጠባይ «ፎቶትሮፒ» አለው፤ ቃሉ ግን ተክሎች ወደ ብርሃን መዞራቸውን ከሚያመለክተው የሥነ ሕይወት ቃል ጋር ተምታታ። እ.ኤ.አ. በ1950 ይሁዳ ሂርሽበርግ ቀለምን በሚያመለክት የግሪክ ቃል ተክቶ «ፎቶክሮሚዝም» የሚለውን ስም አወጣ፤ እርሱም ጸና። እኛ «ብርሃናዊ ቀለም ልወጣ» ልንለው እንችላለን። ሞለኪውሉ ቅርጹን ሲለውጥ ቀለሙም በብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚለወጥ ነው ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን የሚሄዱት፤ በፀሐይ የሚጠቁረው የፕላስቲክ መነጽር የዚህ ምሳሌ ነው።

ሁለቱን ቅርጾች ኬሚስትሪ «ትራንስ» እና «ሲስ» ይላቸዋል፤ ላቲን ናቸው፤ «ከማዶ» እና «ከወዲህ» ማለት ነው። በቀመር ውስጥ ምልክቶቹ እንዳሉ ይቀመጡ። በማብራሪያ ጽሑፍ ግን «ማዶ ለማዶ» እና «በአንድ ወገን» ማለት የሚቻል ብቻ ሳይሆን ከላቲኑ የሚበልጥ ነው፤ የግእዙ «ማዕዶት» እና የእኛ «ማዶ» ወንዝ ባለበት አገር የኖሩ ቃላት ስለሆኑ ሥዕሉ ለአንባቢው ወዲያው ይታየዋል።

የቀረን «ክፍት» እና «ዝግ» ነው። ማሳሂሮ ኢሪዬ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረባቸው ዳይአሪልኢቴን የሚባሉት ተገላባጮች አይታጠፉም፤ በአልትራቫዮሌት ቀለበታቸው ይዘጋል፤ በሚታይ ብርሃን ይከፈታል። ቀለበቱ ሲዘጋ ሞለኪውሉ ቀለም ያወጣል፤ ኤሌክትሪክም በተሻለ ያስተላልፋል። በአማርኛ ግን ራዲዮም ውኃም «ሲከፈት» ይሠራል፤ «ሲዘጋ» ያቆማል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ በተቃራኒው የተዘጋውን መስመር የሚሠራ፣ የተከፈተውን የማይሠራ ይለዋል፤ ይህ ሞለኪውልም ከመሐንዲሱ ጋር ይስማማል። ተርጓሚው «ዝግ ቅርጽ» ብሎ ብቻ ካለፈ አንባቢው የማይሠራውን ይመስለዋል። ስለዚህ «ቀለበቱ የተዘጋ» እና «ቀለበቱ የተከፈተ» እያሉ ቀለበቱን ሁልጊዜ ከቃሉ ጋር መጥራት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሞለኪውሎች አንዳንዶቹ ከ10,000 ጊዜ በላይ ተዘግተውና ተከፍተው ጠባያቸው አልተበላሸም። ሲበላሹ የሚደርስባቸውን እንግሊዝኛው የሰውና የብረት ድካም በሚጠራበት ቃል ይጠራዋል፤ «ድካም» ብለን ብንተወው የሚጎድልበት ነገር አይታየንም።